ከአድማ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ፦ ሠራተኞች በባለቤትነት የሚያሳትሟቸው ጋዜጦች

የሥራ ማቆም አድማ የመታ የጋዜጣ ሠራተኛ ከሌላው አድመኛ የሚለይበት ነገር አለ። የማዕድን ቆፋሪው ጉድጓዱን፣ ሸማኔው ፋብሪካውን ትቶ ሲወጣ ሙያው ባዶ እጁን ይቀራል። ዘጋቢው፣ አራሚው፣ ፎቶ አንሺው፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢውና አታሚው ከግቢው በር ውጪ ሲገናኙ ግን ጋዜጣ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ እዚያው ተሰብስቧል። የሚጎድላቸው ማሽን፣ ወረቀትና ገንዘብ ነው። ማሽን በኪራይ፣ ወረቀት በዱቤ ሊገኝ ስለሚችል የጋዜጣ አድማ አዲስ ጋዜጣ ሲወልድ በተለያዩ አገሮች ደጋግሞ ታይቷል።

እንዲህ የተወለደ ጋዜጣ የአድማው ሙቀት ከበረደ በኋላ በሠራተኞቹ ባለቤትነት መዝለቅ ይችላል? ከዘለቀስ ምን አጸናው? ካልዘለቀ ምን ጣለው? ይህ ዳሰሳ የአሜሪካን፣ የካናዳን፣ የስኮትላንድን፣ የአርጀንቲናንና የግሪክን ታሪኮች ይዞ ክርክሩን ይመረምራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች

ክርክሩን ብዙ ጊዜ የሚያደናግረው አራት የተለያዩ ነገሮች “የሠራተኞች ጋዜጣ” ተብለው በአንድ መጠራታቸው ነው።

የመጀመሪያው የአድማ ጋዜጣ ነው። ባለቤቱ የሠራተኛ ማኅበሩ ሲሆን ዓላማው የአሠሪውን አንባቢና ማስታወቂያ መሻማት፣ የአድመኞቹንም ድምፅ ማሰማት ነው። ስምምነት ሲደረስ ሥራው ያበቃል።

ሁለተኛው የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ኅብረት ሥራ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የቡና ገበሬዎች ዩኒየን፣ የቁጠባና ብድር ወይም የቤት ሥራ ማኅበር ነው። በእነዚህ ውስጥ አባሉ ኑሮውን በራሱ ማሳ ወይም በሌላ ሥራ ይመራል፤ ማኅበሩ ገበያ፣ ብድር ወይም ቤት ያገኝለታል። በሠራተኞች ኅብረት ሥራ ግን አባሉ ባለቤትም ተቀጣሪም ነው። ደመወዙን የሚቆርጠው፣ አለቃውን የሚመርጠውና ኪሳራውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ያዋጣው ዕጣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው።

ሦስተኛው ሠራተኞች አክሲዮን የያዙበት ኩባንያ ነው። የሚልዋኪ ጆርናል ሠራተኞች ከ1937 ጀምሮ ባለአክሲዮን ነበሩ፤ ኩባንያው በ2003 አክሲዮኑን ለሕዝብ ገበያ አቀረበ። በ2007 ደግሞ የቺካጎ ትሪቢዩን ባለቤት የሆነው ኩባንያ በስም በሠራተኞች የአክሲዮን ዕቅድ ሥር ገባ። ውሳኔው ሁሉ ግን በባለሀብቱ ሳም ዜል እጅ ነበር። ድርጅቱም በዕዳ ተውጦ በዲሴምበር 2008 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሠራተኞቹ ባለቤት ተብለው ተጠሩ እንጂ አስተዳዳሪዎቹን የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ይህን ታሪክ የኅብረት ሥራ ውድቀት አድርጎ መጥቀስ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

አራተኛው የአንባቢዎች ኅብረት ሥራ ነው። የበርሊኑ ታዝ በ1979 ዕለታዊ ሆኖ መውጣት ጀመረ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገንዘብ ሲያጥረው ዕጣ ለአንባቢዎቹ ሸጦ ኅብረት ሥራ ሆነ። ዛሬ አባላቱ ከ20,000 በላይ ናቸው። እዚህ ባለቤትነቱ ከሠራተኛው ወደ አንባቢው ሰፍቷል።

መነሻው፦ የትግል መሣሪያ የነበረው ጋዜጣ

በዲትሮይት ከተማ በጁላይ 1995 የሁለቱ ትልልቅ ጋዜጦች ሠራተኞች የሆኑ 2,500 ያህል ሰዎች በስድስት ማኅበራት ሥር አድማ መቱ። በኖቬምበር ዲትሮይት ሰንደይ ጆርናል የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጡ። በፌብሩዋሪ 1997 ማኅበራቱ ያለ ቅድመ ሁኔታ ወደ ሥራ ለመመለስ ቢጠይቁም ብዙዎቹ ሳይጠሩ ቀሩ፤ ጋዜጣውም እስከ ኖቬምበር 1999 መውጣቱን ቀጠለ። አራት ዓመት ለአድማ ጋዜጣ ረጅም ዕድሜ ነው። ይሁንና ሲመሠረት ጀምሮ ጊዜያዊ ሆኖ ስለታሰበ ከአድማው በኋላ የሚኖርበት የገንዘብ መሠረት አልተጣለለትም።

በኩቤክ የሆነውም ተመሳሳይ ነው። ጆርናል ደ ኩቤክ በ2007 ሠራተኞቹ ላይ በሩን ሲዘጋ እነሱ ሜዲያማተንኩቤክ የተባለ ነጻ ዕለታዊ ጋዜጣ በየመንገዱ እያደሉ ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። ውሉ ሲፈረም ጋዜጣው ቆመ። በ2009 ደግሞ የሞንትሪያሉ እህት ጋዜጣ ሠራተኞቹን ከሥራ ሲያግድ ሩ ፍሮንተናክ የተባለ የኢንተርኔት ጋዜጣ ከፈቱ። የእነዚህ ፍጻሜ ከበድ ይላል፤ ክርክሩ በ2011 ሲያበቃ ወደ ሥራ የተመለሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ የቀሩት ሩ ፍሮንተናክን ራሱን ያቻለ የዜና ተቋም ለማድረግ ሞክረው በዚያው ዓመት ገንዘብ አጥተው ዘጉት። አድማው ሳለ ከማኅበሩ የትግል ፈንድ ይከፈል የነበረው አበል ሲቋረጥ የጋዜጣው እውነተኛ ወጪ ገሃድ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ለየት የሚለው በፔንስልቫኒያ ግዛት የዊልክስ ባሬ ከተማ ታሪክ ነው። በ1978 ካፒታል ሲቲስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ታይምስ ሊደር የተባለውን የአካባቢውን ጋዜጣ ገዛ። በኦክቶበር አራት ማኅበራት አድማ መቱ፤ ወዲያውም ሲቲዝንስ ቮይስ የተባለ ዕለታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ከተማዋ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አገር ናት፤ አባቱ ወይም አያቱ በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ያላለፈ ቤተሰብ ማግኘት ያስቸግር ነበር። የአድመኞችን ጋዜጣ መግዛት ለዚያ ሕዝብ የወገን ግዴታ ነበር። ብዙ አንባቢ ፊቱን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዞረ። አድማው በስምምነት ሳይቋጭ ስለቀረ ጊዜያዊው ጋዜጣ ቋሚ ሆነ፤ ከሃያ ዓመት በላይም በማኅበራቱ እጅ ቆየ።

በ2000 የስክራንተን ከተማ የጋዜጣ ቤተሰብ ገዛው። በ2023 ደግሞ ይህ ቤተሰብ ኦልደን ግሎባል ካፒታል የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ ለሚቆጣጠረው የጋዜጣ ኩባንያ ሸጠው። ትልቅን ኩባንያ ተቃውሞ የተወለደ ጋዜጣ በአርባ አምስት ዓመቱ በመዋዕለ ንዋይ ፈንድ እጅ ወደቀ። ይህን ያህል ዘመን መቆየቱ የሠራተኞች ጋዜጣ ሊኖር እንደሚችል ያረጋግጣል፤ ከማኅበራቱ እጅ መውጣቱ ደግሞ ዕጣው ሊሸጥ የሚችል ከሆነ ባለቤትነቱ እንደሚያመልጥ ያሳያል።

ባለቤቱ ጥሎ ሲሄድ

ሁለተኛው የትውልድ መንገድ ባለቤቱ ድርጅቱን ሲዘጋ ወይም ደመወዝ መክፈል ሲያቆም የሚከፈት ነው። እዚህ ላይ የአድማው ግብ ከአሠሪው የተሻለ ውል ማግኘት መሆኑ ይቀራል፤ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር የለምና።

በግላስጎው ቢቨርብሩክ የተባለው አሳታሚ በ1974 የአልቢየን መንገድ ማተሚያውን ሲዘጋ ወደ 1,800 የሚጠጉ ሰዎች ከሥራ ወጡ። ከእነሱ መካከል 500 ያህሉ የስንብት ክፍያቸውን አዋጥተው ሜይ 5፣ 1975 ስኮቲሽ ዴይሊ ኒውስን አወጡ። የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ቶኒ ቤን 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግሥት ብድር አሰጧቸው። ለቀሪው ገንዘብ ግን ባለሀብት አስፈለገ፤ ሮበርት ማክስዌል ከ100,000 ፓውንድ በላይ ይዞ ገባ። ድርሻው ከጠቅላላው ካፒታል ትንሽ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ የጋዜጣውን አመራር ሸፈነ። የተመረጠው የሠራተኞች ምክር ቤት ተከፋፈለ፤ ስርጭቱ አሽቆለቆለ፤ በኖቬምበር ጋዜጣው ቆመ። ዕድሜው ስድስት ወር ብቻ ነበር።

በቦነስ አይረስ ቲየምፖ አርጀንቲኖ የተባለው ዕለታዊ ጋዜጣ ባለቤቶች ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደመወዝ አቋረጡ። ሠራተኞቹ ከሕንጻው አልወጡም። ኅብረት ሥራ መሥርተው በኤፕሪል 24፣ 2016 ሳምንታዊ የእሑድ ጋዜጣ ሆኖ እንዲመለስ አደረጉ። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ሌሊት፣ ድርጅቱን ገዝቻለሁ የሚል ነጋዴ የሚመራቸው ሰዎች ሕንጻውን ሰብረው ገብተው ኮምፒውተሮችንና መስመሮችን አወደሙ። ጋዜጣው ግን አልቆመም። አርጀንቲና ከ2001 ቀውስ ወዲህ በሠራተኞች የተያዙ ፋብሪካዎች ልምድ ስላላት የሕግ አገልግሎቱም፣ የደጋፊ መረቡም፣ የመንገድ አንድነቱም ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ቲየምፖ በዕለታዊነት ፋንታ ሳምንታዊነትን መምረጡም ልብ ሊባል ይገባል፤ በወረቀትና በማተሚያ የሚባክነው ገንዘብ ዘጋቢውን ከሚመግበው ገንዘብ እንዳይበልጥ ተሰልቶ የተወሰነ ነው።

የአቴንስ ታሪክ ከሁሉም ይልቅ አስተማሪ ነው። ኤሌፍተሮቲፒያ ወታደራዊው አገዛዝ ከወደቀ በኋላ በ1975 የጋዜጠኞቹ የራሳቸው ጋዜጣ ሆኖ ተጀመረ። ከጊዜ በኋላ ባለቤትነቱ ወደ አንድ የአሳታሚ ቤተሰብ ተሻገረ። በግሪክ የዕዳ ቀውስ መካከል በ2011 ለወራት ደመወዝ ሳይከፈል ቀረ፤ በዲሴምበርም ሠራተኞቹ አድማ መቱ። በአድማው መካከል የራሳቸውን ልዩ እትም አውጥተው ሸጡ፤ ኅብረተሰቡ እንደሚገዛቸው ያረጋገጡት ያኔ ነው። በኖቬምበር 5፣ 2012 ኤፊሜሪዳ ቶን ሲንታክቶን የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ አቆሙ። እያንዳንዱ አባል 1,000 ዩሮ አዋጣ፤ ዕጣው እኩል፣ ድምፁም እኩል ሆነ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ባንክ በማያበድርበትና ባለሀብት በማይታመንበት አገር አንድ ሺሕ ዩሮ በብዙ እጅ ሲዋጣ ጋዜጣ ሆነ። በአንጻሩ አሮጌው ኤሌፍተሮቲፒያ በ2013 መጀመሪያ በቀድሞው ባለቤትነት ተመልሶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እንደገና ተዘጋ።

በ1975 የተጀመረው የጋዜጠኞች ባለቤትነት ጠፍቶ በ2012 እንደገና መመሥረቱ ጥያቄውን አጥርቶ ያስቀምጠዋል፦ የመጀመሪያው ለምን አልጸናም? ሁለተኛው ያንኑ መንገድ እንዳይደግም ምን ያግደዋል?

ሦስት አቋሞች

የመጀመሪያው አቋም ጥርጣሬ ነው። ቢያትሪስና ሲድኒ ዌብ በእንግሊዝ፣ ፍራንዝ ኦፐንሃይመር በጀርመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁለት ዕጣ ብቻ እንዳላቸው ተከራክረዋል፦ ወይ ይከስራሉ፣ ወይ ሲያተርፉ አባልነትን ዘግተው ሌሎችን በደመወዝ መቅጠር ይጀምሩና ተራ ኩባንያ ይሆናሉ። የሕግ ምሁሩ ሄንሪ ሃንስማን በ1996 ደግሞ ችግሩን በሌላ በኩል አየው። የባለቤቶቹ ጥቅም የተለያየ በሆነ ቁጥር የጋራ ውሳኔ ዋጋው ይንራል ይላል። ይህ አስተያየት ለድሮው ጋዜጣ በትክክል ይሠራል። አታሚው የማሽኑን ዕድሜ፣ ዘጋቢው የጉዞ በጀት፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢው ኮሚሽኑን ያስቀድማል። የግላስጎው ምክር ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይዞ ነው የተሰነጠቀው።

ሁለተኛው አቋም ሠራተኞች ባለቤት ሲሆኑ ጋዜጣው ነጻ ይሆናል የሚል ነው። የባለሀብቱ ሌሎች ንግዶች፣ የመንግሥት ውሎቹ፣ የፖለቲካ ምኞቱ በዜናው ላይ ጫና አያሳድሩም። የፈረንሳዩ ለሞንድ ጋዜጠኞች በ1951 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው በድርጅቱ ውስጥ ድርሻ ያገኙት በዚህ እምነት ነው። ድርሻው ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጠብቋቸዋል፤ በ2010 ግን ዕዳ ሲበረታ የቁጥጥሩ ሥልጣን ለሦስት ባለሀብቶች ተላለፈ። የዚህ አቋም ደጋፊዎች ይህን ታሪክ ነጻነት በድርሻ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ገቢም ሊኖረው እንደሚገባ ማስረጃ አድርገው ያነሳሉ።

ሦስተኛው አቋም የደንብ አቋም ልንለው እንችላለን። ጽናቱን የሚወስነው ርዕዮተ ዓለምም፣ የመሥራቾቹ ቆራጥነትም ሳይሆን መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ የተጻፈው ነው፤ ዕጣ ለውጭ ሰው ይሸጣል ወይስ አይሸጥም፣ አዲስ የተቀጠረው መቼ አባል ይሆናል፣ ዋና አዘጋጁን ማን ይሾመዋል፣ ትርፉ ለአባላት ይከፋፈላል ወይስ ወደማይከፋፈል መጠባበቂያ ይገባል። ከቀረቡት ታሪኮች ውስጥ ይህ አቋም የበለጠውን የሚያብራራ ይመስለኛል።

ማስረጃው የሚያሳየውና የማያሳየው

ስለ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ በጥቅሉ የተደረጉ ጥናቶች የዌብን ትንበያ አይደግፉም። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የነበሩትን የፕላይውድ ኅብረት ሥራዎች ያጠኑት ክሬግና ፔንካቭል፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ተራ ፋብሪካዎች ሰው ሲቀንሱ ኅብረት ሥራዎቹ ደመወዝ እየቀነሱ ሰውን እንደሚያቆዩ አሳይተዋል። በኡራጓይ በገብርኤል ቡርዲን የተደረገው ጥናት ደግሞ በሠራተኞች የሚመሩ ድርጅቶች የመዘጋት ዕድላቸው ከተራ ድርጅቶች ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። በዚያችው አገር ላ ዲያሪያ የተባለው ጋዜጣ ከ2006 ጀምሮ በሠራተኞች ባለቤትነትና በተመዝጋቢ አንባቢ ገንዘብ እየኖረ ነው።

ይህን ወደ አድማ ጋዜጦች ሲወስዱት ግን ጥንቃቄ ያሻል። ፕላይውድ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ የጋዜጣ ገበያ ግን ራሱ እየተናደ ነው። ደመወዝን ቆርጦ ሰውን ማቆየት ለአንድ ክፉ ዓመት መድኃኒት ይሆናል፤ ማስታወቂያው ለዘለቄታው ከጠፋ ግን ድህነትን በእኩልነት ማከፋፈል ብቻ ይሆናል። የጣሊያኑ ኢል ማኒፌስቶ ይህን በራሱ ገላ አይቶታል። ከ1971 ጀምሮ ዕለታዊ የሆነው ይህ ኅብረት ሥራ በ2012 በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ማጣራት ገባ፤ ሠራተኞቹ አዲስ ኅብረት ሥራ መሥርተው ቀጠሉ፤ የጋዜጣውን ስም መልሰው የገዙት በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ አንባቢ ያዋጣው ገንዘብ ጋዜጣውን አቆይቶታል፤ ሞቶ መነሣቱ ግን የኅብረት ሥራነት ብቻውን መድን እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ሌላው ነገር የአባላቱ ቁጥርና የሥራ ዓይነት መለወጡ ነው። በኒውዮርክ በ2019 የዴድስፒን ድረ ገጽ ሠራተኞች የአመራሩን ጣልቃ ገብነት ተቃውመው በጅምላ ሥራ ለቀቁ፤ በ2020 ዲፌክተር የተባለውን ድርጅት ሃያ ገደማ ሆነው መሠረቱ። በመጀመሪያው ዓመት ከተመዝጋቢዎች ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አገኙ። አታሚ የለም፣ ወረቀት የለም፣ የጭነት መኪና የለም፤ አባላቱ ሁሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። ሃንስማን የፈራው የጥቅም ልዩነት እዚህ ጠቧል። ግን ይህን ስንቀበል የጠፋውንም መቁጠር አለብን። በዊልክስ ባሬ አታሚና ዘጋቢ በአንድ ባለቤትነት ሥር ቆመው ነበር። የዛሬዎቹ ማኅበራት የሚቀልላቸው አታሚዎቹ ከጋዜጣው ዓለም በመውጣታቸው ጭምር ነው።

የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚፈትነው

አድማ ላይ ያለ ሰው እኩል ይራባል፤ እኩልነቱ አያከራክርም። ጋዜጣው ሲቆም ግን ጥያቄው ይነሣል። ሌሊት ገጽ የሚዘጋው አዘጋጅና ጠዋት የሚገባው የሒሳብ ሠራተኛ እኩል ይከፈላቸው? የስዊዘርላንዱ ቮሄንሳይቱንግ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እኩል ደመወዝን ይዞ ዘልቋል፤ ታዝ ደግሞ በጊዜ ብዛት ልዩነትን ፈቅዷል። ሁለቱም በሕይወት መኖራቸው እኩል ደመወዝ በራሱ አያጸናም፣ በራሱም አያፈርስም ማለት ነው። ወሳኙ ደንቡ በጉባኤ መወሰኑና በየጊዜው መገምገሙ ነው።

ከደመወዙ የበለጠ የሚከብደው የዋና አዘጋጁ ሥልጣን ነው። በጉባኤ የተመረጠ አዘጋጅ የመራጩን ጽሑፍ ውድቅ ማድረግ አለበት። የመረጠው ዘጋቢ ያመጣው ዘገባ በሁለተኛ ምንጭ ካልተረጋገጠ አላወጣውም ማለት ይችላል? የሚችልበት መንገድ አለ፦ ጉባኤው አዘጋጁን ይሾማል፣ ይሽራል፤ በዘመኑ ግን በዕለቱ ገጽ ላይ የሚወጣውን ብቻውን ይወስናል። ይህ መስመር በጽሑፍ ካልተሰመረ እያንዳንዱ አርእስት የምርጫ ቅስቀሳ ይሆናል።

የወገንተኝነትም ፈተና አለ። ጋዜጣውን የወለደው የሠራተኞች ትግል ስለሆነ ስለ ሌላ የሠራተኛ ማኅበር ጥፋት መጻፍ ያስቸግራል። አንባቢ የሚያምነው ግን ይህን ማድረግ የሚችለውን ጋዜጣ ነው። በአድማ የተገኘ አንባቢ ለዓላማው ይገዛል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገዛው ለጥራቱ ነው።

ያልተፈቱ ጥያቄዎች

አንደኛው የቀድሞ ሠራተኞች መብት ነው። በኩቤክ በ2019 የስድስት ዕለታዊ ጋዜጦች ባለቤት ሲከስር ሠራተኞቹ ኅብረት ሥራ ሆነው አዳኗቸው። ይህ ግን የሆነው የቀድሞው የጡረታ ዕቅድ ፈርሶ፣ ጡረተኞችም ከአበላቸው ጉልህ ድርሻ አጥተው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጋዜጣውን የገነቡ ሰዎች የአዲሱን ባለቤትነት ዋጋ ከፈሉ፤ በጉባኤው ግን ድምፅ አልነበራቸውም። በ2023 መጨረሻ ማተሙ ቆሞ ጋዜጦቹ ወደ ኢንተርኔት ሲዞሩም ብዙ ሥራ ተቀነሰ። የትኛው ትውልድ ምን ያህል ይሸከም የሚለው ለማንኛውም አዳኝ ኅብረት ሥራ ይቀርባል፤ እስካሁን ፍትሐዊ መልስ አልተገኘለትም።

ሁለተኛው የመንግሥት ገንዘብ ነው። ጣሊያን በ1981 ባወጣችው የኅትመት ሕግ የጋዜጠኞች ኅብረት ሥራዎችን ደገፈች፤ ድጋፉ ብዙዎችን አቁሟል፤ ለድጎማው ሲሉ ብቻ በስም ኅብረት ሥራ የሆኑ አሳታሚዎችንም ጋብዟል። የስኮትላንዱ ብድርም ለመነሣት አገዘ እንጂ ለመኖር አልበቃም። ድጎማ ለመነሻ ይሁን ወይስ ለዘለቄታ? ለዘለቄታ ከሆነ ነጻነቱን ማን ይጠብቃል?

ሦስተኛው አዲስ መጤው ነው። መሥራቾቹ አድማውን አብረው ያሳለፉ ናቸው፤ አዲስ ገቢው ግን ከዚያ ታሪክ ውጪ ነው። 1,000 ዩሮ በአንድ ጊዜ ማዋጣት ለወጣት ዘጋቢ ከባድ ነው፤ ከደመወዙ ቀስ በቀስ ካልተቆረጠለት አባል ሳይሆን ተቀጣሪ ሆኖ ይቀራል። ኦፐንሃይመር የፈራው መበላሸት የሚጀምረው በዚህ በር ነው።

ከታሪኮቹ የሚወጣው ፍርድ

አድማ ሦስት ነገር ይሰጣል፦ የተባበረ ሠራተኛ፣ ግልጽ ዓላማ፣ ለመግዛት የተነሣ አንባቢ። እነዚህን ማንም ባለሀብት በገንዘብ አይገዛቸውም። የማይሰጠው ግን ዕጣው እንዳይሸጥ የሚያግድ ደንብ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ መጠባበቂያና ከዓላማው ሌላ ለመግዛት ምክንያት የሚሰጥ ሥራ ነው። የግላስጎው ጋዜጣ በገንዘብ ሰጪው ተጠለፈ፤ ሲቲዝንስ ቮይስ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሮ ተሸጠ፤ ኤሌፍተሮቲፒያ ባለቤትነቱን ሳያጥር ቀርቶ ከአዘጋጆቹ እጅ አመለጠ። የአቴንስ አድመኞች በ2012 ያደረጉት ከዚህ ሁሉ የሚሻለው እኩል ዕጣንና እኩል ድምፅን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደንብ ስላደረጉ ነው።

ዛሬ ጋዜጣው ሲዘጋበት ወይም ደመወዙ ሲቀርበት ተሰብስቦ የሚመክር ሠራተኛ ካለ፣ ስለ መጀመሪያው እትም ከመወያየቱ በፊት ሊጽፋቸው የሚገቡ አራት አንቀጾች አሉ፦ ዕጣ ለውጭ ሰው አይሸጥም፤ የሚቀጠር ሁሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አባል ይሆናል፤ ዋና አዘጋጁ ተመርጦ ይሾማል፣ በገጹ ላይ ግን አይታዘዝም፤ ከትርፉ የተወሰነው ክፍል በማንኛውም ዓመት ለማንም አይከፋፈልም። አራቱም በአድማው ሙቀት ውስጥ በቀላሉ ይጸድቃሉ። ገንዘብ ከመጣ፣ ወይም ከጠፋ በኋላ ግን ለማጽደቅ ዘግይቷል።